ስክሪኑ የጠቆረው የመምህሩ ኮምፒውተር

«ፎርማት ይደረግ» የሚለውን ነገር ስሰማ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። የሚያሳፍረው ደግሞ መቱ ውስጥ ሰዉን ይህን ቃል ያስለመድኩት አንዱ እኔ መሆኔ ነው። ኮምፒውተሩ ቀስ ካለ ፎርማት፣ ቫይረስ ከገባው ፎርማት፣ ድምፅ እምቢ ካለ ፎርማት፣ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ከረሳ ፎርማት። ከጎሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከኖፓ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣው ማሽን ሁሉ እኔ ዘንድ የሚጠብቀው መድኃኒት አንድ ነበር፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ጠርጎ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን። ማሰብ አይጠይቅም። ፍላሹን ትሰካለህ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ «ቀጥል» ትላለህ፣ ከዚያ ሄደህ ምሳህን ትበላለህ።

ሱቄ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አባቴ ቀድሞ ጨርቅ ይሸጥበት በነበረው ክፍል ውስጥ ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ የቀረ ነጋዴ ነው፤ የእኔን ሥራ «የብረት ሐኪም» እያለ ይኮራበት ነበር። ሰው ኮምፒውተር ንጹሕ ሥራ ይመስለዋል። ሽፋኑን ፈትቶ ውስጡን ያየ እንደዚያ አይልም። እኛ አገር ዝናቡ የሚያቆምበት ወር ጥቂት ስለሆነ ርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል፣ ገመዱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። በረሮ ሙቀት ስለሚወድ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ገብቶ ይራባል። አይጥ የሸናበት ማዘርቦርድ በጨርቅ ጠርጌ አውቃለሁ። ኪቦርዱን ገልብጠህ ስታራግፈው የደረቀ የጫት ቅጠል፣ የዳቦ ፍርፋሪና ተቆርጦ የተጣለ የሰው ጥፍር ይወርዳል። አቧራውን በአፌ እፍ እያልኩ ስለማወጣ የስንቱን ቤት ቆሻሻ እንደዋጥኩ ፈጣሪ ይወቀው። ያኔ የዓለም ሁሉ ቆሻሻ ከሌላ ሰው ቤት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ባርሲሳ ወደ ሱቄ የመጡት አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ዝናቡ ትንሽ ባባራበት ሰዓት ነው። ባርሲሳ በአፋን ኦሮሞ መምህር ማለት ነው። በከተማው መምህር ሞልቷል፤ ዝም ብሎ «ባርሲሳ» ከተባለ ግን ሁሉም የሚያውቀው እሳቸውን ነው። ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ታሪክ ያስተምራሉ። ኖፓ አካባቢ ተወልደው ገና በሕፃንነታቸው ዓይናቸው ጠፍቷል። ከባጃጅ ሲወርዱ አብሯቸው የሚሠራው የሒሳብ አስተማሪ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ነበር፤ እሳቸው አንድ እጃቸውን ክንዱ ላይ አድርገው በሌላው ነጭ ዘንጋቸውን ይዘዋል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩ፣ የሒሳብ አስተማሪውን እያየሁ።

«ሲስተሙ አፕዴት ካደረገ በኋላ ስክሪኑ ጠቆረ» አለኝ።

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሳይሆነው አይቀርም። እኔ ያየሁት ግን ትናንት ነው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዴት ዝም አላችሁ ቲቸር?»

ባርሲሳ ሳቁ። «እኔ በምን ልወቀው? ለእኔ ከመጣ ጀምሮ እንደዚያው ነው» አሉ።

እኔም ሳቅሁ። ስስቅ እንኳ ፊቴን ያዞርኩት ወደ ሒሳብ አስተማሪው ነው።

ወንበር ሰጠኋቸውና ተቀመጡ። ጉዳዩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። አንዳንድ ወላጆች፣ ለብሔራዊ ፈተና የሚቀመጡ ልጆቻችንን ዓይነ ስውር እንዴት ያስተምራቸዋል ብለው አቤቱታ አስገብተዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ኮሚቴ ይመጣል፤ የትምህርት ዕቅዳቸውንና ማስታወሻቸውን አይቶ፣ እሳቸውንም አነጋግሮ፣ ክፍላቸው ውስጥ ይቀጥሉ ወይስ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይዛወሩ የሚለውን ይወስናል። «ለጊዜው ነው ተብሎ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የተመለሰ መምህር እስካሁን አልሰማሁም» አሉ። ሃያ ሦስት ዓመት አስተምረዋል። ማስታወሻዎቹን በሁለት ዓመት ውስጥ ራሳቸው ጽፈዋቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፣ እሱ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ኮሚቴው በዓይኑ ካላየ አያምንም ስላሏቸው ስክሪን አስፈለገ።

«ማሽኑ ደህና ነው» አሉኝ። «ይናገራል። ጠፋ የሚሉኝ ማያው ብቻ ነው። አንተ ከመንካትህ በፊት ሄድፎን ስጠኝና ሥራዬን ፍላሽ ላይ ልቅዳው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም።»

«አይድከሙ ጋሼ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ» አልኳቸው። ከዚያ ወደ ሒሳብ አስተማሪው ዞሬ፣ «ለመሆኑ ብዙ ፋይል አላቸው እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ይኖራቸዋል መሰለኝ። እኔ እንኳ ከፍቼ አላየሁም» አለ።

ባርሲሳ በሁለታችን መካከል ተቀምጠዋል። «ሲ ድራይቭ ላይ ነው ያለው፣ አንድ የሚል—» ብለው ጀመሩ። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ፎቶ ኮፒ የሚደረግ ወረቀት ይዛ ገባች። «ቶሌ፣ ቶሌ ባርሲሳ» ብዬ ትከሻቸውን መታ መታ አደረግሁና ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። በእኛ ከተማ ቶሌ ማለት እሺ፣ ገብቶኛል ማለት ነው። ምንም አልገባኝም ነበር።

ኮምፒውተሩ አዲስ አበባ ያለ የወንድማቸው ልጅ የላከላቸው ነው። ልጁ ጌም ይጫወትበት ስለነበር ሁለት ፋን ያለው ወፍራም ግራፊክስ ካርድ ተገጥሞለታል፤ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው እሱ ነው። ማየት ለማይችል ሰው ከኢሉባቦር የቢሮ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚበልጥ የምስል መሣሪያ ደርሶታል ብዬ በልቤ ቀለድኩ። ሽፋኑን ስፈታው ውስጡ ገርሞኝ ነበር። ንጹሕ ነው። በየሳምንቱ በቀለም ብሩሽ እየዳሰሱ እንደሚያጸዱት በኋላ ነው የነገሩኝ።

የተለመደውን ሥራ ጀመርኩ። ካርዱን ነቅዬ የመዳብ ጥርሱን በላጲስ ፈትጌ መለስኩት። ገመድ ቀየርኩ። ሞኒተር ቀየርኩ። ሜሞሪውንም ነቅዬ በዚያው ላጲስ ፈተግሁት፤ ላጲስ የማይፈውሰው ነገር ያለ አይመስለንም። ሳበራው መጀመሪያ የአምራቹ ዓርማ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፣ ከዚያ ሲስተሙ ሊነሣ ሲል ድርግም ብሎ ጠቆረ። ደጋግሜ አየሁት፤ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ይጠፋል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ዓርማው ብቅ ብሎ ከጠፋ ካርዱ አልተበላሸም ማለት ነው። የተበላሸው ድራይቨሩ፣ ማለትም ሲስተሙንና ካርዱን የሚያግባባው ፕሮግራም ነው፤ አፕዴቱ አዲስ አምጥቶ አላግባባቸውም። መፍትሔውም ሲስተሙን ሴፍ ሞድ በሚሉት የጥንቃቄ ሁነታ አስነሥቶ ያንን ድራይቨር ማውጣትና የቀድሞውን መመለስ ነው። ይህን አውቅ ነበር። የማላውቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ራሴን እንዲህ አልጸየፍም። ግን መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ማሽን ተሰልፏል፣ ሆዴ ርቦታል፣ እጄ ደግሞ ፍላሹን ለምዷል። ስፒከር አልሰካሁም። ሬዲዮኑ እየጮኸ ነበር፣ ሌላ ጩኸት ለምን እጨምራለሁ? ያን ሁሉ ጊዜ ማሽኑ ከጥቁሩ ስክሪን ጀርባ ሆኖ ያለውን ሁሉ በቃል ይናገር ነበር፤ የሚያዳምጠው አልነበረም።

ፋይል መያዝ የሚባለውንም አደረግሁ። ማንም ሰው ሥራውን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ወይም ዶክመንት የሚለው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ዲስኩን ነቅዬ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁና ሁለቱን ብቻ ከፍቼ አየሁ። ባዶ ናቸው። ባዶ መሆናቸው አላስደነገጠኝም። «ድሮስ እሳቸው ምን ይኖራቸዋል» አልኩ ለራሴ፣ ልክ እንዲህ ብዬ፣ በዚህ ቃል። ዲስኩን ጠርጌ አዲስ ሲስተም ጫንኩና ሽሮዬን ልበላ ሄድኩ።

ስመለስ ስክሪኑ ቦግ ብሏል። ፎርማት ያደረግሁት ማሽን ላይ ሁሉ የሶር ፏፏቴን ፎቶ መለጠፍ ልማዴ ነበር፤ ራሴ ያነሣሁት ነው፣ እንደ ፊርማዬ አየው ነበር። ለባርሲሳም ለጠፍኩላቸው። ከሰዓት በኋላ ከሒሳብ አስተማሪው ጋር ሲመጡ ሞኒተሩን ወደ አስተማሪው አዞርኩት። «አየህ? ጥርት ያለ» አልኩ።

«ውይ፣ እንዴት ያምራል» አለ አስተማሪው።

ባርሲሳ ጠረጴዛውን ዳሰው ወንበሩን አገኙና ተቀመጡ። ጣቶቻቸው ኪቦርዱ ላይ ሁለት ሦስት ቁልፍ ነኩ። ጠበቁ። እንደገና ነኩ። «ለምን አይናገርም?» አሉ።

የሚያነብላቸውን ፕሮግራም አብሬ ጠርጌዋለሁ። ለማያዩ ሰው ምስል ሰጥቼ ድምፁን ወስጃለሁ። ያኔ ግን ይህ እንደ ትንሽ ነገር ነው የታየኝ። «ችግር የለም ጋሼ፣ አሁን እጭነዋለሁ» አልኩና ስፒከር ሰክቼ ጫንኩላቸው። ማሽኑ በዚያ በሚነፋነፍ የእንግሊዝኛ ድምፁ መናገር ጀመረ። ጣቶቻቸው ሮጡ። ሲ ድራይቭን ከፈቱ። ድምፁ የፎልደሮቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ፤ ሁሉም ሲስተሙ ራሱ የሚፈጥራቸው ናቸው። ወደ መጀመሪያው ተመለሱና እንደገና አስጠሩት። ሦስተኛ ጊዜ አላስጠሩትም።

«አንድ የሚለው የታለ?» አሉኝ።

«የትኛው አንድ?»

«ሲ ላይ፣ አንድ ቁጥር ብዬ የሰየምኩት። ስከፍተው ቶሎ እንዲገኝ ከሁሉ ፊት እንዲሆን ብዬ ነው። ጠዋት ነግሬሃለሁ።»

እሳቸው ዴስክቶፕ የሚባለውን ነገር አይጠቀሙም። ምን ያደርግላቸዋል? ዴስክቶፕ ለሚያይ ሰው ነው። ሥራቸውን ያስቀመጡት ለእጃቸው በሚቀርበው ቦታ፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ ሲነኩ በሚገኘው ፎልደር ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ የፈለግሁት ዓይን ያለው ሰው በሚያስቀምጥበት ቦታ ብቻ ነው። ዞር ብዬ የሒሳብ አስተማሪውን አየሁት፤ ይህን ለባርሲሳ እሱ እንዲነግርልኝ ፈልጌ መሆኑን ሳስብ ዛሬም ራሴን መትፋት ያምረኛል።

«ጠፍቷል?» አሉ ባርሲሳ።

«ፎርማት ሲደረግ…» አልኩ። «ጠፍቷል።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ «ሠላሳ አራት ምዕራፍ ነው» አሉ። «ከጎሬ ሽማግሌዎች ስለ ባሮ ወንዝ ንግድ የሰበሰብኩትም እዚያ ውስጥ ነበር። ከሰዎቹ ሁለቱ ሞተዋል። ለማክሰኞ ስምንት ቀን ነው የቀረው።»

ዲስኩን ወዲያው ነቀልኩት። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ብዙው ነገር ሊመለስ ይችላል፤ ጥያቄው እኔ የጫንኩት አዲስ ሲስተም ስንቱን ረግጦታል የሚለው ነው። ሲስተም የጫንኩበት ሌላ ዲስክ ገጠምኩላቸውና የእሳቸውን በጎን ሰክቼ የጠፋ ፋይል ፈላጊ ፕሮግራም አስነሣሁ። አንድ ቀን ሙሉ ሲፈልግ ዋለ። ያመጣው ግን ስም የሌለው ቁልል ነበር፤ ሁሉም በቁጥር ብቻ የተሰየመ፣ የወንድማቸው ልጅ የጌም ትርፍራፊና የሲስተም ቆሻሻ የተደባለቀበት። የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከፍቼ ሳየው ግማሹ ጽሑፍ የተቆራረጠ ነው፤ የታሪክ ምዕራፍ ይሁን የልጁ ደብዳቤ መለየት አቃተኝ።

«አንተ ተነሣ፣ እኔ ልቀመጥ» አሉኝ ባርሲሳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ሲለቀቅ ሱቄ ይመጣሉ። ሄድፎን ያደርጋሉ፣ ፋይሉን ይከፍታሉ፣ ሁለት ሦስት ቃል ያዳምጣሉ፣ «ይህ ቆሻሻ ነው» ብለው ይጥላሉ ወይም «ይህ ዘጠነኛው ምዕራፍ ነው» ብለው ያስቀምጣሉ። ድምፁን በጣም ስላፈጠኑት እኔ ባዳምጠው የሚንጣጣ ዘይት ነው የሚመስለኝ። ደንበኞች እየገቡ ቆመው ያዩአቸው ነበር። አንዱ በጆሮዬ፣ «በእርግጥ ይገባቸዋል?» አለኝ። «ራሳቸውን ጠይቃቸው» ልለው ሲገባኝ፣ «አዎ፣ በጣም ጎበዝ ናቸው» አልኩት። ስለ ሕፃን ልጅ እንደሚባለው ነው ያልኩት። ማወደስም ሊያስጸይፍ እንደሚችል ያኔ አልገባኝም።

ዓርብ ዕለት ለአንድ ደንበኛ የንግድ ፈቃድ ማመልከቻ ስጽፍ ቆይቼ ቀና ስል የባርሲሳ ስክሪን ጠቁሯል። ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ነበር፤ ራሱ አፕዴት አድርጎ፣ ያንኑ የማይረባ ድራይቨር መልሶ አምጥቶ፣ ካርዱን እንደገና አደንቁሮታል። የእኔ ፎርማት ያዳነው ነገር አልነበረም ማለት ነው። የሁለት ዓመት ሥራ የጠረግሁት ለአራት ቀን ምስል ነው። ባርሲሳ ግን ምንም አልሆኑም። በጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ይከፍታሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ያስቀምጣሉ። ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደቆዩ አላውቅም።

«ስክሪኑ ጠፍቷል» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሃያኛው ላይ ነኝ፣ አታቋርጠኝ» አሉ።

እስኪጨርሱ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ በጥንቃቄ ሁነታ አስነሥቼ ድራይቨሩን አወጣሁ፣ የቀድሞውን መለስኩ፣ አፕዴቱም ሁለተኛ እንዳይነካው ዘጋሁበት። ምስሉ መጣ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቼ ነበር፣ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ለሃያ ደቂቃ ስንፍና የሰው እንጀራ ላይ እንደቆምኩ ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። ደንበኛ እያየኝ ዕቃዬን ትቼ ወደ ውጭ ወጣሁና ቦዩ አጠገብ ቆሜ ዝናብ መታኝ።

ከሠላሳ አራቱ ሃያ ሁለቱ ተገኙ። ከጎሬ ሽማግሌዎች የሰበሰቡት አልተገኘም፤ ሲስተሙ ረግጦታል። የቀሩትን አሥራ ሁለት ምዕራፎች ባርሲሳ ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ከአእምሯቸው አውጥተው እንደገና ጻፏቸው። እሑድ ሱቁን ለእሳቸው ብዬ ከፈትኩ። ሲጽፉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴ ቆም ብለው ዓመት ያስታውሳሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ሰኞ ማታ ላይ የመጨረሻውን አስቀምጠው ጣታቸውን አፍተለተሉ። «ነገ ብቻዬን እመልስላቸዋለሁ» አሉኝ። «የሚጠይቁኝን ሁሉ አውቀዋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ስዘጋጅበት ነው የኖርኩት።»

ማክሰኞ ማሽኑን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩና መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተከልኩት። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ክራቫት ያሰሩ፣ ረጋ ያሉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ባርሲሳን ከመቀመጫቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። «አካም ጅርቱ ባርሲሳ» ብለው በአፋን ኦሮሞ ሰላም አሏቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፣ ውሃ አስመጡላቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀልል ነበር።

ባርሲሳ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከፈቱ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አነበቡ። ገጽ እያስቀየሩ ቆዩ። ሌሎቹ ሁለቱም ከኋላቸው ቆመው አነበቡ። ከዚያ ሰብሳቢው ቀና አሉና እኔን አዩኝ፤ አስተማሪ አይደለሁ፣ ወላጅ አይደለሁ፣ ገመድ የሰካሁ ሰው ነኝ።

«ይህን ሁሉ እሳቸው ናቸው የጻፉት?» አሉኝ።

ባርሲሳ ራሳቸው ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል። ባርሲሳ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አየሁ። እኔ ግን ስምንት ቀን ሙሉ ጥፋቴ ሲያንገበግበኝ ከርሟል፤ አሁን መካሻው መጣ ብዬ ተስገበገብኩ። «አዎ ጋሼ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። ቀጠልኩ። እንዴት በጆሯቸው እንደሚሠሩ፣ እንዴት ከአእምሯቸው አውጥተው እንደጻፉ፣ እንዴት ሰው እንደሚገረም ተረክሁ። ሰብሳቢው ማስታወሻ ያዙ። «ተማሪ መቆጣጠር ላይስ?» አሉኝ። ባርሲሳ የሚያስተምሩበት ክፍል ገብቼ አላውቅም። «በጣም ይቆጣጠራሉ» አልኩ። «ፈተና እርማትስ?» አሉኝ። እሱንም መለስኩ።

«እኔ ላስረዳ» አሉ ባርሲሳ።

ሰብሳቢው በአክብሮት ትከሻቸውን ያዝ አደረጓቸው። «አይድከሙ ባርሲሳ፣ ተረድተናል» አሉ። ሦስቱም ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ባርሲሳ ክፍላቸው ውስጥ እንዲቀጥሉ ተወሰነ፤ ሰብሳቢው ሲወጡ ለእኔ፣ «አንተ ጥሩ አድርገህ አስረዳኸን፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ።

የሒሳብ አስተማሪው ሲሰማ ሮጦ መጥቶ አቀፋቸው። እኔ ምስጋና እየጠበቅሁ ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። በእውነት እየጠበቅሁ ነበር፤ ይህን መጻፍ ከሁሉም በላይ ያንገሸግሸኛል። ባርሲሳ ከወንበራቸው አልተነሡም። ሰዉ ሁሉ ሲወጣ ነው ፊታቸውን ወዳለሁበት ያዞሩት።

«ክፍሌ ተርፋለች» አሉ።

«እንኳን ደስ አለዎት ባርሲሳ።»

«በሚቀጥለው ዓመትም አቤቱታ ይኖራል፣ ኮሚቴም ይመጣል» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «እኔን እንደሆነ ምንም አልጠየቁኝም፤ ፋይሉ ላይ ያለው የአንተ መልስ ነው። ያን ጊዜም አንተን ፈልጌ ይዤህ መምጣት አለብኝ ማለት ነው።»

ደወል ተደወለ። ዘንጋቸውን አንሥተው ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሄዱ፤ እኔም ገመዱን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።